ከእጅ የበላ ውሻ

አባቴ ያረጀ ውሻውን ምን ማድረግ እንዳለበት በቤታችን መነጋገር የጀመርነው ጅብ ጥጃችንን ከበላ በኋላ ነው። የሕግ ትምህርት ጀምሬ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩበት ክረምት ነበር፤ ዕረፍቴን የማሳልፈው ቀራንዮ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ነበር። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። እኛ በምንኖርበት በከተማው ምዕራብ ዳርቻ ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ የሚቀርበን ጅቡ ነበር። ባሕር ዛፉ ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ በዚያ ውስጥ ምን እንደሚያድር የሚያውቅልን ውሻው ብቻ ነበር።

አባቴ የሚተዳደረው ወተት በመሸጥ ነው። አራት ላሞች ነበሩት፤ ደንበኞቹ በየማለዳው ጠርሙሳቸውን ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። ውሻው አሥራ ሁለት ዓመት በረቱን ጠብቋል። ቀለሙ ቡላ ስለ ነበር ቡላው እንለዋለን፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የሚዳብሰውም ሰው አልነበረም። በጊዜው በእኛ ዓይነት ቤት ውሻ የሚወደድበት መንገድ ሌላ ነበር፤ ፍርፋሪ በአጓት ርሶ ይቀርብለታል፣ አባቴ በረቱን ሊዘጋ ሲወጣ አንድ ሁለት ቃል ያናግረዋል፣ በዚያው ያበቃል።

መስማት መተዉን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ለወራት የመሰለን ስንፍና ነበር። አባቴ ይቆጣዋል፤ ውሻው ደግሞ ቁጣውን ስለማይሰማ ጭራውን ይቆላለታል። በመጨረሻ እናቴ ባዶ የወተት ጣሳ ሆን ብላ ከኋላው ብትጥል ጆሮውን እንኳ ሳያነቃንቅ ቀረ። አባቴ እንግዲህ ረዳት ያስፈልገዋል ብሎ አንድ ወጣት ውሻ አመጣ። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ወጣት ውሻ ሥራውን የሚማረው ከሰው ሳይሆን ከትልቁ ውሻ ነው፤ ትልቁ ሲነሣ ይነሣል፣ ትልቁ ሲተኛ ይተኛል። ቡላው ደግሞ ምንም ስለማይሰማ ሌሊቱን በሰላም ይተኛ ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ ጤነኛ ጆሮ ያለው ወጣት ውሻ አለመስማትን ተማረ። በሐምሌ አንድ ማለዳ የበረቱ ማገር ተሰብሮ፣ ከጥጃዋ የተረፈው ከአጥሩ ሥር ተገኘ። ሁለቱ ውሾች በሩ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር።

ላሚቱ ጥጃዋን ካላየች አትታለብም። የጥጃዋ ቆዳ ገለባ ተሞልቶ ፊቷ ቆመላት፤ አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ወተቷን ፈጽማ ከለከለች። እናቴ በውሻው ላይ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «ውሻውን አልጠላሁትም። የላሚቱን ፊት ማየት ግን አቃተኝ።» ሌሎች ሁለት ጥጆች ነበሩን። ቡላው በግቢው እስካለ ድረስ ወጣቱ ውሻ ሥራ እንደማይማር፣ ጥጆቹም እንደማይተርፉ ሁላችንም ገብቶናል።

አንድ ዘመዳችን ከወንዝ ማዶ ወስዳችሁ ተዉት አለ። አባቴ አልተቀበለውም፤ ጅብ ሲመጣበት የማይሰማ ውሻ ጫካ ውስጥ መተው ለጅብ ማቀበል ነው አለ። ሌላ ሰው ደግሞ፣ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ የሚጣልበት ቀን ሲደርስ በሩን ክፍት መተው ይበቃል ብሎ መከረ። አባቴ ለዚህም የሰጠው መልስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ እንስሳ በመንገድ ዳር አይሞትም የሚል ነበር። ራቅ አድርጎ ማሰርም ተሞከረ፤ ወጣቱ ውሻ ሄዶ አጠገቡ ተኛ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አባቴ ሊያደርገው አይችልም። ከእጅ የበላን ውሻ በዚያው እጅ መግደል በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። የትም ተጽፎ አላገኘሁትም፤ ሲጣስም ግን አላየሁም።

ጎረቤታችን ከእኛ በላይ ባለው ዳገት ላይ የሚኖሩ አጣና ሻጭ፣ የአባቴ የዕድሜ እኩያና ወዳጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር ስለ ነበሩ ጠመንጃ አላቸው። እሳቸውም የአጣናቸውን ክምር የሚጠብቅ ያረጀ ጥቁር ውሻ ነበራቸው። ዓይኑ ጠፍቶ ሰው መለየት ስለ ተሳነው የባለቤታቸውን እግር ነከሰ፤ ሴትየዋም ከእኔና ከውሻው ምረጥ ብለዋል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ብዙ ዝም እያሉ፣ ጥቂት እየተነጋገሩ ከአንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ጎረቤታችን የእኛን ውሻ፣ አባቴ ደግሞ የእሳቸውን ያሰናብታሉ። ማንም የገዛ ውሻውን አይነካም። ቅዳሜ ይለዋወጣሉ፤ ሰኞ ከመምሸቱ በፊት ነገሩ ይፈጸማል። አባቴ ጠመንጃ ስላልነበረው ለጅብ የሚጣል መርዝ ከሰው ተቀብሎ ነበር። ሥጋ ላይ ነስንሶ መሬት ላይ ያኖርና ዘወር ይላል። ይህ ማብላት እንዳልሆነ ሁለቱም ተስማሙ።

ሻይ ይዤላቸው ስወጣ ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሩ።

«ተማሪዋ፣ ሕጋችሁ ለውሻ ጡረታ አልደነገገም?»

አልደነገገም አልኳቸው።

«ታዲያ ምኑን ነው የምትማሪው?» ብለው ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እንደ ልማዳቸው ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ጥቁሩን በገመድ ይዘው መጡ፤ ቡላውን በገመድ ይዘው ሄዱ። ቡላው ለዓመታት ስለሚያውቃቸው ያለ ማንገራገር ተከተላቸው። እኔ በመስኮት አያቸው ነበር። ወደ ቤታቸው በመውጣት ፋንታ ቁልቁል ወደ ባሕር ዛፉ ሲታጠፉ አጣና ሊመለከቱ መስሎኝ ብዙም አላሰብኩበትም።

እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ዓመት የውል ሕግ ተምሬያለሁ። ከተማርኩት ሁሉ በጣም የወደድኩት፣ አንዱ ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ ሌላውም እንዲፈጽም አይገደድም የሚለውን ነበር። በሰንበት እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው የለም፤ ስለዚህ አንድ ቀን አለኝ ብዬ አሰላሁ። በዚያ ቀን አባቴ ጥቁሩን ውሻ መግደል የማይችል ከሆነ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ ቡላው ይመለሳል። ስለ ጥጆቹ መልስ አልነበረኝም። ሐሳቤ እስከዚያ ድረስ አልሄደም፤ ወይም እንዲሄድ አልፈቀድኩለትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ፍርፋሪ በአጓት አርሼ በቆርቆሮ ሳህን አደረግኩና አባቴ ወዳለበት በረት ይዤ ሄድኩ። ይህን ውሻ እፈራዋለሁ፣ እባክህ አንተ ስጠው አልኩት። ውሸት ነበር። ጠዋት ውሃ ስቀዳለት እጄን አሽትቶ ፀጥ ብሎ ነበር። አባቴ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለ ነበር ሳህኑን ተቀበለኝና ከውሻው ፊት አኖረው። ዓይነ ስውሩ ውሻ ምግቡን ሸተተው፤ ሳህኑ ያለበትን ግን ማግኘት አቃተው። አፍንጫው አንዴ በስተ ግራ፣ አንዴ በስተ ቀኝ ባዶ ቦታ ይነካል። አባቴ ጥቂት ተመለከተውና ቁጢጥ ብሎ ከሳህኑ በእጁ እየዘገነ ወደ አፉ ያቀርብለት ጀመር። ውሻው እስከ መጨረሻው በላ፤ ጣቶቹንም ላሰ። ምግቡ ካለቀ በኋላ አባቴ ከዚያው ሳይነሣ ቆየ።

«አበላሁት እኮ» አለ ወደ እኔ ሳይዞር።

በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ደስታ እንደ ነበር መሸሸግ አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት መርዙን ከነወረቀቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና የጥቁሩን ገመድ ፈታ። አብሬው ልሂድ ብዬ ለመንኩት። ቡላውን እኔ እየሳብኩ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ጥቁሩ ውሻ የሰፈሩን ሽታ እያወቀ ሲመጣ ገመዱን መጎተት ጀመረ። ጎረቤታችን አጣና እየለኩ ይደረድሩ ነበር። ውሻው ጠረናቸውን ሲያገኝ መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው በእጃቸው የያዙትን አጣና አኖሩ እንጂ ወደ ውሻው አልተጠጉም።

«አልቻልኩም። ከእጄ በላ» አለ አባቴ።

ጎረቤታችን ከእጃቸው የአጣና ቅርፊት አራገፉ። «የአንተማ ቅዳሜውኑ አለቀ። ሳይለምደኝ ብዬ ቤት እንኳ አላስገባሁትም።»

አባቴ ገመዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ተሠቃየ?»

«ተኩሱ እንዳይሰማችሁ ወንዙን ተከትዬ አራቅኩት፤ ውሃ ሲጠጣ ነው። አልሰማም።»

አባቴ የጥቁሩን ገመድ ሊያቀብላቸው እጁን ዘረጋ። ጎረቤታችን አልተቀበሉም።

«ውሰደው። አንተ ባዶ እጅህን ቀርተህ እኔ የራሴን አልመልስም» አሉ።

በሌላ ቀን ይህ ንግግር ለክርክር ይጋብዘኝ ነበር። በዚያን ዕለት ግን መማሬ ሁሉ ከእኔ ሸሸ። አንድ ውሻ አድኛለሁ፤ ያዳንኩት ግን የእኔን አልነበረም። ቁልቁለቱን ስንወርድ አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ። «ቃሉን የጠበቀው እሱ ነው፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አለኝ። የሳህኑን ነገር ልነግረው አስቤ ሳልነግረው በራችን ደረስን።

ጥቁሩ ውሻ በበረቱ በር ቡላው በነበረበት ቦታ ተኛ። ዓይን አልነበረውም፤ ጆሮው ግን ሙሉ ነበር። ከባሕር ዛፉ ቅርፊት ሲወድቅ እንኳ ቀና ይላል። ወጣቱ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግር እያለው ያየው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀና ሲል ቀና ማለት፣ ሲጮህም መጮህ ጀመረ። መስከረም ሲጠባ ቀድሞ የሚጮኸው ወጣቱ ሆነ። ሁለቱ ጥጆች አደጉ። የክረምቱ ዝናብ ባቆመበት ሰሞን እናቴ የወተቱን ጣሳዎች እያጠበች ሳለ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «ለካስ መለዋወጡ ብቻ ይበቃን ነበር» አለች። ዓይን ያለው ለአጣናው፣ ጆሮ ያለው ለበረቱ። ከሁለቱ ሰዎችም ከእኔም ይህን ያሰበ አልነበረም። አባቴ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ጎረቤታችን ወደ ግቢያችን መምጣት ተዉ። ተቀይመው አልነበረም። ውሻው ጠረናቸውን ሲያገኝ እየተንሰቀሰቀ ገመዱን ሊበጥስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ሲሄዱ በላይኛው መንገድ ይዞሩ ነበር። አባቴ በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ወተት ይልክላቸዋል፤ ጠርሙሱ ታጥቦ ይመለሳል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚህ መንገድ ወዳጅነታቸውን ሁለት ዓመት ያህል አቆዩት።

ጥቁሩ ውሻ የሞተው እኔ ቤት በነበርኩበት ሳምንት፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ እንደ ተኛ ነው። አባቴ ላከባቸው፤ ጎረቤታችን አካፋቸውን ይዘው መጡ። ጠዋት በልቶ እንደ ነበር ጠየቁ፤ አባቴ በልቷል አላቸው። ከአጥሩ ሥር አብረው ቆፈሩ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት እየተፈራረቁ። ሲጨርሱ እጃቸውን አስታጠብኳቸውና፣ አባቴ ወደ ውስጥ ሲገባ ጎረቤታችንን የእኛ ውሻ የት እንዳለ ጠየቅኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወሰዱኝ። ከወንዙ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጅብ እንዳይቆፍረው ትልልቅ ድንጋይ የተጫነበት ቦታ ነበር። ድንጋዮቹ ለአንድ ሰው ከባድ ነበሩ። እዚያ ቆሜ የሳህኑን ነገር ነገርኳቸው፤ ውሸቴንም፣ ያሰላሁትንም ሳላስቀር። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አንቺ ሳህኑን ባትሰጪውም ያበላው ነበር» አሉኝ። «አባትሽ በግቢው ያደረን እንስሳ ሳያበላ አይውልም። ሰኞ ገመዱን ይዞ እንደሚመጣ አውቄያለሁ። እኔ እስከዚያ ባቆየው የእናንተም ይመለስ ነበር፤ ጥጆቹ ደግሞ ያልቁ ነበር። ለዚህ ነው ቅዳሜውኑ የጨረስኩት።»

እንግዲያ የራስዎን ውሻ ለአባቴ ሲሰጡ እንደማይገድለው ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ጥያቄው ተገቢ መስሎ አልታየኝም። አንዱ ድንጋይ ከዝናቡ የተነሣ ተንሸራቶ ኖሮ ጎንበስ ብለው ይመልሱት ጀመር፤ እኔም በሌላው ወገን ያዝኩላቸው።