አሥራ ሦስተኛዋ ታሪክ

የበሶ ሽታ ሲሸተኝ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። ትስቅብኝ ይሆናል፤ ሳቅ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ የስንቅ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ከከረጢቱ አፍ የተቆላ ገብስ ሽታ ቡን ይላል። ቤት ወስጄ የማርመውን የፈተና ወረቀት እንደታቀፍሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። ደክሞኝ ነበር። የሰሞኑ ድካሜ ደግሞ ተኝተው ቢነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

ንፋስ መውጫ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ቆየሁ። ቀኑን ሙሉ «አንብቡ፣ አንብቡ» እያልሁ እውላለሁ፤ እኔ ራሴ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ካነበብሁ ግን ስንት ዓመቴ። ማታ ስልኬን ስነካካ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያን ጊዜ እንዲህ አልነበርሁም።

ያን ጊዜ የምልህ ወገዳ አሥረኛ ክፍል ስማር ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖር። ጓደኛዬ ቅኔ ቤቱንም አስኳላውንም እያፈራረቀ የመጣ፣ ከሁላችንም በዕድሜ ጠና ያለ ልጅ ነበር። ግእዙን እንደ ውኃ ያንቆረቁረዋል፤ እንግሊዝኛ ሲሆን ምላሱ ይታሰራል። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛዬ የምኩራራ ነበርሁ።

በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ አሥራ ሦስት አጫጭር የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪኮች። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው፤ ጠባቂዋ ጥጧን እየፈተለች በር ላይ ተቀምጣ ብብታችንን ሳይቀር ትፈትሻለች። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ በመስኮቱ በምትገባው የፀሐይ ጨረር ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ወረቀቱ የሻገተ እንጨት ይሸታል፤ እጄ ደግሞ የበላሁትን በሶ።

በዚያ ዕድሜ ረጅም ልብ ወለድ ያስፈራኝ ነበር። እነዚህ ግን ደወል እስኪደወል ያልቃሉ። በአንዱ ታሪክ ውስጥ በየማለዳው የከተማውን ሰው የሚቆጥር መሣሪያ ነበር፤ አንድ ቀን ቁጥሩ በአንድ ሰው በለጠ፤ ሰው ሁሉ ያ ትርፍ ማን ይሆን እያለ ጎረቤቱን ይጠረጥር ጀመር። ሌላው ሩቅ ኮከብ ላይ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ደብዳቤው አገሩ እስኪደርስ አሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል። ታሪኩ የማታውቀው ዓለም ውስጥ ከትቶህ፣ ልብህ ተንጠልጥሎ ሳለ በሩን ይዘጋብሃል። ሒሳብ ክፍል ገብቼ እንኳ እኔ እዚያው ነኝ። ከወገዳ ሌላ ከተማ ላላየ ልጅ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም።

ያነበብሁትን ከሰዓት በኋላ ለጓደኛዬ በአማርኛ እነግረዋለሁ። እሱ ታዲያ ዝም ብሎ የሚሰማ አልነበረም፤ ጉባኤ ቤት እንደለመደው ይቀበላል። ዐረፍተ ነገሩን እንድደግምለት ያደርጋል፣ ከአፌ ነጥቆ ይለዋል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው በቃሉ ይወርደዋል። ቃል ሲጠፋኝ ያቀብለኛል። አንዴ ከጠፈር መንኮራኩር ውጭ የነበረ ሰው ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት አየር እስኪሞላለት የሚቆምባትን ጠባብ ክፍል ምን እንደምላት ጨነቀኝ። «ደጀ ሰላም በላታ» አለኝ። እንዲያ ብያት ቀረች።

እኔ የማላውቀውን ቃል በግምት እየሞላሁ ስንት ቦታ እንደሳትሁ እግዜር ይወቀው። እሱ ግን መጽሐፉን ገልጦ አይቶት አያውቅም። ለእሱ ትምህርት ማለት ከመምህር አፍ የሚቀበሉት ነው፤ ወረቀቱ ማስታወሻ ነው። አሥራ ሦስቱንም ከአንድ አፍ ተቀብሎ ሲጨርስ ነው «አስመስክሬያለሁ» የሚለው፤ ልክ ቅኔ ቤት ትምህርቱን ፈጽሞ መምህሩ እንደሚመሰክርለት ተማሪ።

ዓርብ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደየቀያችን በእግር እንሄድ ነበር፤ የአንድ አቅጣጫ ልጆች አሥር አሥራ ሁለት ሆነን። እሑድ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመን እንመለሳለን። አቀበቱ ላይ ጓደኛዬ ታሪኮቹን መናገር ጀመረ። እኔ የነገርሁትን ቃል በቃል ነው የሚለው፤ ግን እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። የት እንደሚያዘግም፣ የት ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ያውቅበታል። ልጆቹ ሸክማቸውን ረስተው ይከቡታል። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንድታየኝ የማላደርገው ነገር አልነበረም። አንድ እሑድ ከእናቷ የተላከላትን ዳቦ ቆርሳ ለእሱ ሰጠችው። እሱ ግማሹን ወደ እኔ ዘርግቶ «አስተማሪዬስ እሱ ነው» አላት። እሷ ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ቅናት አንገበገበኝ። አሁን ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ ያን ቀን ግን ዳቦውን ሳልቀምሰው ከረጢቴ ውስጥ ጣልሁት። ያነበብሁት እኔ፣ የተረጎምሁት እኔ፣ የሚደመጠው ግን እሱ። ከኋላ ከኋላ እየሄድሁ ስለዚህ ብቻ ሳስብ ወገዳ ደረስን።

አሥራ ሦስተኛዋን ያነበብኋት የብሔራዊ ፈተናው ሰሞን ነበር። ስጨርሳት ደወሉ ተደውሎ ቆይቶ ኖሮ ጠባቂዋ መጥታ በእንዝርቷ ትከሻዬን ነካችኝ። ስወጣ ጓደኛዬ ደጅ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«አትረባም።»

«ብትረባም ባትረባም ስጠኝና ልቀበላት። እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

ከፈተና በኋላ አልሁት። እሺ አለ። በጉባኤ ቤት የሚያውቁትን ከተማሪ መደበቅ ትልቅ ነውር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያደርጋል ብሎም የሚጠረጥር አልመሰለኝም። ፈተናው አለቀ፤ ራሴን አመመኝ አልሁት። በማግሥቱ ስንቅ አልቆብን ተለያየን። ክረምቱ ገባ፤ ውጤት መጣ፤ እኔ አለፍሁ፣ እሱን እንግሊዝኛው ጣለው። መሰናዶ ልማር ንፋስ መውጫ ስገባ እሱ ወደ ቅኔ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ለዓመታት «ጊዜ አጥቼ ነው ያልነገርሁት» ስል ኖርሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወገዳ ያከራዩን የነበሩት እናት አረፉና ለቅሶ ሄድሁ። ከቀብር ስንመለስ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ መምህር፣ ሁለት ደቀ መዛሙርት አስከትለው ወደ እኔ መጡ። ሳቁን ሳይ ነው ጓደኛዬ መሆኑን ያወቅሁት። እስቴ ውስጥ ጉባኤ ዘርግቶ ቅኔ ያስተምራል። እንዲያ ተከብሮ ሳየው «አንቱ» ልለው ስጀምር ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተው እንጂ!» አለኝ።

አንደኛው ደቀ መዝሙር ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። «የኔታ ታሪኮቹን የተቀበሉት ከአንቱ ነው?» አለኝ። ለካ ጓደኛዬ ተማሪዎቹ ሲታክቱ ታሪኮቹን በቃሉ ይወርድላቸዋል፤ ሲጀምርም ቅኔውን ከማን እንደተማረ እንደሚቆጥረው ሁሉ ስሜን ጠርቶ ነው የሚጀምር። ልጁን ከመሬት አነሣሁት። አፈርሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ልጆቹ ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ ሁለታችን የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን። ጋቢውን ሰበሰበና «አሥራ ሁለቱን ይዣለሁ» አለኝ። «አንዷ ቀርታ ሳላስመሰክር አረጀሁ። በል ዛሬ ስጠኝ።»

ታሪኳ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች መሰለኝ። በር ነበረ። ሌላው የለም። መስኮቱን፣ ጨረሩን፣ ትከሻዬን የነካኝን እንዝርት አስታውሳለሁ፤ ታሪኳ ግን ተጠርጋ ጠፍታለች። አንድ ነገር ፈጥሬ ልነግረው አሰብሁ፤ መፍጠር አያቅተኝም ነበር። ግን እሱ የሰጠሁትን ተቀብሎ፣ ሳያዛንፍ ለእነዚያ ልጆች ያወርሰዋል፤ እነሱም ለሌሎች፤ በእኔ ስም።

«ረሳኋት» አልሁት። «አትረባም ያልሁህም ሐሰቴን ነው። ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ነበረች። ቀንቼብህ ነው።»

ከድንኳኑ የሴቶች ሙሾ ይሰማል።

«መቅናትህንስ አውቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከቤተ መጻሕፍቱ ስትወጣ ፊትህን አይቼው የለም? አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ነው የቆየሁት።» ቀጥሎ እንደ መሳቅ ብሎ «እንግዲህ ሁለታችንም አጣናት» አለኝ።

እሱ መቋሚያውን ካቡ ላይ አስደግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አንዷን ታሪክ ጀመረ። ሰዎች በመንኮራኩር ውስጥ እየተወለዱ፣ እዚያው እየሞቱ ይጓዛሉ። ምድርን በዓይኑ ያየ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ ተሰብስበው ወደ አልጋው ይሄዳሉ፤ ዝናብ ምን ምን እንደሚሸት ሊጠይቁት። የቱ ታሪክ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰባተኛዋ ናት አለኝ። ቃሉ የእኔ ነው፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የማወራው። ታሪኳን ግን ጨርሶ አላውቃትም፤ ሰምቻት የማላውቅ ያህል ሆነችብኝ።

ሽማግሌው ከትራሱ ቀና አለ፤ ልጆቹ ተጠጉት። ጓደኛዬ እዚህ ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።

«ከዚያስ?» አልሁት።