ከአራተኛ ፎቅ ላለመውረድ

ደረጃ እየወጡ ስለ ደረጃ መውጣት ጥቅም ለሰው ሲያስረዱ ትንፋሽዎ ቁርጥ ብሎ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ። ጎፋ፣ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ፣ "እንቅስቃሴ የልብን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ሳንባን ደግሞ..." እያልኩ ሳንባ ላይ ስደርስ ሳንባዬ ከዳኝ። አጠገቤ ግድግዳ ተደግፈው የሚያርፉት አከራዬ፣ "መምህሬ፣ ትንፋሽህን ለደረጃው አቆየው" አሉኝ።

አከራዬን የብሎካችን ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው አንዷን ክፍል ለኔ አከራይተዋል። ያን ሰሞን ሐኪም "ስኳርዎ ጨምሯል፣ መንቀሳቀስ አለብዎት" ብሏቸው ነበር። ለቡ መብራት ኃይል የሚኖረው ልጃቸው ይህን ሲሰማ ቁርጡን ነገራቸው። "እማዬ፣ ደረጃው ካቃተሽ ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ እወስድሻለሁ። የኔ ቤት ደረጃ የለውም። ይሄኛው ይከራያል።"

ለእማማ ይህ ከስኳሩ የባሰ ነበር።

"ልጄን እወደዋለሁ" አሉኝ። "ሚስቱም ደግ ናት። ግን እዚያ ቤት ቴሌቪዥኑን እንኳ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። እዚህ የራሴ ቁልፍ አለኝ።"

ቤቱ በሙሉ ከተከራየ እኔም ከነኮተቴ መውጣቴ ስለሆነ፣ ለጤናቸው ያለኝ ተቆርቋሪነት እጅግ ጥልቅ ነበር። ሥርዓት እወዳለሁና መጀመሪያ የብሎኩን ነዋሪ ለስብሰባ ጠራሁ። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር እንደሚወስድ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው እንቅልፉ እንደሚስተካከል፣ ጭንቀቱም እንደሚቀልለት በሚገባ አብራራሁ። ስለ መንቀሳቀስ ተናግሬ ስጨርስ ቆመው የነበሩት ሁሉ ተቀምጠዋል።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ልብስ ነጋዴ እጃቸውን አወጡ። "የእሑድ የእግር ጉዞ ማኅበር እናቋቁም። ግን ቅጣት ካላበጀንለት በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። የቀረ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ለመጣው ሁሉ ፉል ይጋብዝ!"

ተጨበጨበ። ነጋዴው ከሱቃቸው አንድ ዓይነት ቱታ አመጡልን፤ ሁላችንም ገዛን። ከሩቅ ላየን ብሔራዊ ቡድን እንመስል ነበር፤ ከቅርብ ሲያዩን ግን ደጋፊ።

የመጀመሪያው እሑድ እስከ ብስራተ ገብርኤል ደርሰን ተመለስን። የምር አላበን። በሁለተኛው እሑድ ባለፈው የቀረ ጎረቤት ስለነበር፣ ከጉዞው በኋላ ፉል ቤት ገባን። ፉሉ በቅቤና በእንቁላል መጣ፤ ከላዩም ስፖርተኛ ስለሆንን የአቮካዶ ጁስ ታዘዘ። ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው እሑድ ነው፤ ባለፈው የቀረ ሰው አልነበረም። ማን ይጋብዛል? ያን ቀን የተጓዝነው ለቅሶ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው አንገታችንን ደፍተን ነበር። ከዚያ ወዲያ በጠዋት ብቅ ያለውን ሁሉ፣ "አሞህ አልነበረም እንዴ? ለምን ትንሽ አታርፍም?" ማለት ተለመደ። መንገዱም እያጠረ ሄደ። ብስራተ ገብርኤል ቀርቶ እስከ አደባባዩ ሆነ፤ አደባባዩም ቀርቶ እስከ ፉል ቤቱ። ፉል ቤቱ ያለው ከግቢያችን በር አጠገብ ነው።

አእምሯችን ግን በእውነት ተጠቅሟል። እንደዚያ ወቅት ተደስተን አናውቅም።

ክረምቱ ሲገባ እማማ ተመርምረው ተመለሱ። ከሥራ ስገባ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ስኳሩ ባሰበት" አሉኝ። "ሐኪሙ ምን ይሠራሉ አለኝ፤ ስፖርት አልኩት። ስፖርቱ ምን ምን ይገባበታል? ሲለኝ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዳቦ ብዬ ቆጠርኩለት።"

ልስቅ ስል ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት።

"ልጄ ሊመጣ ነው መምህሬ። ከዛሬ ጀምሮ ወይ ታስረዳኛለህ፣ ወይ አብረኸኝ ትወጣለህ።"

አብሬያቸው መውጣቱን መረጥኩ። ደጁ ጭቃ ስለነበር ሜዳችን ደረጃው ራሱ ሆነ። በየማለዳው ቀስ ብለን እንወርዳለን፤ ቀስ ብለን እንወጣለን። መጀመሪያ በየፎቁ እናርፍ ነበር፤ እየቆየ አንድ ጊዜ ብቻ፤ በኋላ ማረፉን ራሱ ረሳነው። ምግባቸውንም ሐኪሙ ባዘዛቸው መሠረት አስተካከሉ። ሌሊት ስለ ልጃቸው ቤት እያሰቡ የሚገላበጡት ሴትዮ ድብን ብለው መተኛት ጀመሩ። በውኃ መቅጃ ባልዲ ወረፋ ከጎረቤት ጋር የነበራቸው ኩርፊያም አንድ ቀን በሳቅ አለቀ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የኔም ለውጥ ታየኝ። የተማሪዎቼ ጩኸት እንዳለ ነው፤ የቀነሰው የኔ ነው። ማኅበሩ እሑድ እሑድ መሰብሰቡን አላቋረጠም፤ ቱታው ግን ጠቧል።

መስቀል እንዳለፈ ልጃቸው ዕቃ የሚጭን መኪና ይዞ መጣ። እማማ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ የግቢው በር ላይ ተቀበሉት።

"መጀመሪያ ቤት ግባና ሻይ ጠጣ" ብለው ፊት ፊት ወጡ። እሱ ስልክ እያወራ ተከተላቸው፤ እኔም ከኋላ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ "ቆይ እደውልልሃለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሦስተኛው ላይ የደረጃውን ብረት ያዘ። ቀጥሎም ተቀመጠ።

እማማ ከላይ አንገታቸውን አወጡ። "አይዞህ የኔ ልጅ! ካቃተህ እታች ቤት እንፈልግልሃለን!"

ትንፋሹ ሲመለስለት ሳቀ። ቤት ገብቶም፣ ስኳሩ መውረዱን ከእማማ ሰምቶ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ለቡ ተመለሰ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብሮን ይወጣል፤ እማማ ቀድመው ወጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ይጠብቁታል።

እስቲ እርስዎም ነገ ጠዋት የአንድ ጎረቤትዎን በር አንኳኩተው አብረው ይውጡ። ደረጃ ባይኖር ዳገት አይጠፋም። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሞክሩት፤ ካልወደዱት ይተዉታል።