ጉሎ የለበሰችው ኤሊ

በግራ ኪሴ የሶፍት ካርቶን ይዤ እዞር ነበር። ወረቀቱ ሲያልቅ የሚቀረውን፣ ሰው ሁሉ የሚጥለውን ክብ ካርቶን። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ የሚገባ ነገር በዚያ ቀዳዳ ካለፈ ጉሮሮም ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። አውሮራ ከተማ ካለው ላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ ላይ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ቃል በቃል እየፈታሁ ያገኘሁት ነው።

የምሠራው አንዲት ኤርትራዊት እናት በቤታቸው በከፈቱት ዴይኬር፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ነበር። ልጆቹም ወላጆቹም በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። እንግሊዝኛቸው ግን ለገበያና ለልጆች እንጂ ለመንግሥት ሰው አይበቃም። የመንግሥት ሰው ሲመጣ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ስድስት ልጆች እንይዛለን። እናቶቻቸው ኤርፖርት ያጸዳሉ ወይም ሽማግሌ ይጦራሉ፤ አባቶቻቸው ታክሲ ይነዳሉ ወይም ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወርዳሉ።

በዚያ ዓመት ዴይኬሮችን የምትቆጣጠረው የመንግሥት ኢንስፔክተር ሁለት ጉድለት ጽፋብን ሄዳ ነበር። አንደኛው በረኪናና ሳሙና የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን መቆለፊያው መላላቱ ነው። ሁለተኛው በልጆቹ የቀለም ሣጥን ውስጥ አንድ የአዋቂ ማርከር መገኘቱ። «በሚቀጥለው ስመጣ አንድ ነገር ብቻ ከጨመረ ላይሰንሱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ አደጋ ላይ ነው» አለች። ተረጎምኩላቸው። አደይ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት ወደተሰቀለው ላይሰንስ ብቻ ቀና አሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በራሳቸው ጥረት ያገኙት፣ ስማቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆቹ የእጅ ሥራ ዕቃ ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ደብተር ገዝቼ ገጹን በአራት ከፈልኩት፦ የዕቃው ስም፣ ላዩ ላይ የተጻፈው፣ የተፈቀደበት ዕድሜ፣ የተከፈተበት ቀን። ኮላውን ጻፍኩ፤ የውሃ ቀለሙን ጻፍኩ። ብልጭልጩን ዓይን ይጎዳል ብዬ ጣልኩት። ልጆቹ የሚጫወቱበትን ሊጥ እኛው ስለምናቦካው ጨውን በማንኪያ ለካሁ፤ ጨው የበዛበት ሊጥ የዋጠ ልጅ ሊታመም እንደሚችል አንብቤ ነበር። እናቶች ከቤት የሚልኩትን የፀጉር ቅባት ሳይቀር መዘገብኩ።

አደይ በካርቶኔ ይስቁብኝ ነበር።

«ደግሞ ያንን የሽንት ቤት ነገር አወጣኸው?»

«ይህቺ ቁልፍ ታልፋለች፣ አደይ። አሻንጉሊቱ ልብስ ላይ መሆን የለባትም።»

«ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ ቧንቧ ሠራተኛ ነው መሆን የነበረብህ።»

አንድ ባለ ታክሲ አባት ልጁን ሊያደርስ ሲመጣ በር ላይ አፉን ከፍቶ ይቆምልኛል። «እስቲ እኔንም ለካኝ፤ ልግባ ወይስ ልመለስ?» ይለኛል። እኔ ቀልድ መመለስ አይሆንልኝም። «ግቡ» እለዋለሁ። አደይ ይሄኔ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ኢንስፔክተሯ የምትመለስበት ወር ሲደርስ አደይ ግድግዳው ባዶ ነው አሉ። ልጆቹ የሠሩት ነገር ይታይ፤ ሥራ እንደምንሠራ ትወቅ አሉ። ስድስት ኤሊ እንሥራ ተባባልን። የወረቀት ሳህን ተደፍቶ ጀርባ ይሆናል፤ ልጆቹ አረንጓዴ ይቀቡታል፤ እግርና ራስ እኔ እቆርጣለሁ። ሳህኖቹ ሲደርቁ ግን አደይ አላማራቸውም። ወደ ጓዳ ገብተው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ወጡ። ዘመድ ከአገር ቤት ምጣድ ማሟሻ ብሎ የላከላቸው፣ ሳይነካ ሁለት ዓመት የተቀመጠ የጉሎ ፍሬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

የሚያምር ነገር ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። የተወለድኩበት ቤት አጥር ጥግ ጉሎ ነበረ። ሴቶቹ ልጆች ፍሬውን በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያስሩት ነበር፤ እኛ ወንዶቹ በወንጭፍ እንወራወርበታለን።

ካርቶኔን አወጣሁ። ፍሬው ሳይነካካ ወደቀ።

«አይሆንም፣ አደይ።»

«ልጆቹ እንዲነኩት ማን አለህ? እኔና አንተ እንለጥፋለን። እነሱ ቀለሙን ቀብተዋል፤ ይበቃቸዋል።»

አሰብኩበት። ከዚያ እንደ ልማዴ ሥርዓት አወጣሁለት። ጠንካራውን ኮላ እንጠቀማለን፤ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል፤ እያንዳንዱን ፍሬ በጥፍሬ እጎትታለሁ፤ የሚሰቀለውም ልጅ ቆሞ ከሚደርስበት በላይ ነው። በእያንዳንዷ ኤሊ ጀርባ ላይ ሃያ አራት ፍሬ ለጠፍን። በማግሥቱ አንድ በአንድ ጎተትኳቸው፤ አንድም አልላላም። በራሴ እጅ፣ በሜትር ለክቼ፣ በወፍራም ፕላስተር ሰቀልኳቸው። በደብተሬ ላይ «ፍሬ፣ በአዋቂ የተለጠፈ» ብዬ ከፍታውንም ጻፍኩ። «ላዩ ላይ የተጻፈው» በሚለው ቦታ ሰረዝ አደረግኩ። ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረውማ። የማውቀው ነገር ነው፤ ምኑን አነባለሁ?

አደይ ራቅ ብለው አዩት። «አሁን ቤት መሰለ» አሉ።

በአራተኛው ቀን፣ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኝተው ሳለ፣ ወጥ ቤት ገብቼ የመክሰስ ወይን እቆርጥ ነበር። ወይን ለሕፃን በቁመቱ አራት ቦታ ነው የሚቆረጠው፤ ክብ ከተቆረጠ ያንቃል። በጥንቃቄ እየቆረጥኩ ሳለ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁ። ወረቀት መስሎኝ የያዝኩትን ጨረስኩ።

ስገባ የሁለት ዓመቷ ልጅ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ኤሊዋን ታቅፋለች። ከግድግዳው በታች ያለው ማሞቂያ ፕላስተሩን አድርቆት ነበር። ልጅቷ ፊቷን አጨማዳ «ያኪ» አለችኝ፤ አይጣፍጥም ማለቷ ነው። ጣቴን አፏ ውስጥ አዙሬ የተሰባበረ ቅርፊት አወጣሁ። ትተነፍሳለች፤ አታስልም። ኤሊዋን ቀማኋት፤ «ማይን! ማይን!»፣ የኔ ነው፣ ብላ አለቀሰች። ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። አልታነቀችም። እኔ ስጠብቀው የነበረው አደጋ አልደረሰም። አደይ ተነስተው መጡ፤ ውሃ አጠጧት፤ «ወጣ?» አሉኝ። «ወጣ» አልኩ። ኤሊዎቹን ሁሉ አወረድኩ። በደብተሬ ላይ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍኩ፦ ከቀኑ ሁለት ከአርባ።

አመሻሹ ላይ፣ በፈረንጅ አምስት ተኩል ገደማ፣ እናትየዋ ከሥራ ስትመጣ ልጅቷ ሦስት ጊዜ አስታውካ ነበር። እናትየዋ ኤርፖርት የምታጸዳ፣ ዘወትር መዝሙር የምታንጎራጉር ወጣት ናት። ልጇን አቅፋ ግንባሯን ነካች።

«ምን በላች? ወንድሜ፣ ምን ሰጣችኋት?»

«ምንም። አንድ ፍሬ አፏ ገብቶ ነበር፤ አወጣሁት።»

«የምን ፍሬ?»

«ጉሎ።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ጉሎ? አኘከችው? እኛ አገር እኮ በሬ ይገድላል!» አለችና ጮኸች። «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ፣ ልጄን!»

አደይ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሳቸው የሚያውቁት በምጣድ፣ እኔ የማውቀው በወንጭፍ ነበር። እርሷ ብቻ ናት ከብት የሚረባበት አገር ያደገችው።

የመመረዝ አደጋ ሲያጋጥም የሚደወልበት ቁጥር ስልኩ ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ደወልኩ። አንዲት ሴት በእርጋታ የተክሉን ስም ጠየቀችኝ። ስሙን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። «ዝንጉርጉር ነው፤ እንደ ጥንዚዛ ነው» እያልኩ ስንተባተብ እናትየዋ «ዘይቱ! ለፀጉሯ የምልከው ዘይት ከእሱ ነው!» አለችኝ። ጠርሙሱ ዳይፐር ከምንቀይርበት ጠረጴዛ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንስቼ አነበብኩላት፤ ካስተር ኦይል። በደብተሬም ውስጥ በእጄ ጽፌው ነበር፤ ከሰረዙ ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ።

ሴትየዋ ስሙን ደግማ አረጋገጠች። ከዚያ ፍሬውን አኝካው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት አምቡላንስ እንድንጠራ ነገረችኝ።

ልጅቷ አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውሃም አልረጋላትም፤ በክንዷ በሚገባው መድኃኒት ነው የቆየችው። አደይ ስልኩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ሌሎቹን ልጆች እኔ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን መጠጣት ጀመረች ተባለ። ከወጣች በኋላ እናትየዋ ብቻዋን መጣች። የልጇን ቦርሳ፣ ትርፍ ልብሷንና የዘይቱን ጠርሙስ ሰብስባ ያዘች።

«አደይ፣ ቂም የለኝም» አለች። «ግን ሁለተኛ ዓይንዎን ማየት አልችልም።»

ወደ እኔ ዞራ አላየችም።

ኢንስፔክተሯ የመጣችው በቀጣዩ ሳምንት ነው፤ ሌላ ሰው አስከትላ። አደይ ነጭ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ በመሐል ተቀመጥኩ። ደብተሩ እግሬ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ፍሬውን ማን አመጣው ተባለ። ተረጎምኩ። «እኔ» አሉ። ተረጎምኩ።

ማን ግድግዳው ላይ ሰቀለው? ተረጎምኩላቸው። አደይ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኢንስፔክተሯ እያዩ በአማርኛ እንዲህ አሉ፦ «እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ያንን ካርቶኑን አውጥቶ አሳይቶኛል። በሌለበት ነው የሰቀልኩት። እንደዚህ ብለህ ንገራት።»

የመጀመሪያው እውነት ነው። የመጨረሻው ውሸት ነው። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ተረጎምኳቸው። አልተንተባተብኩም። በትርጉሜ ሁልጊዜ እጠነቀቃለሁ፤ አልጨምርም፤ አልቀንስም። «ሺ ሴይስ»፣ እንዲህ ይላሉ፣ ብዬ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ሁለተኛው ሰውዬ ጻፈው።

የዕቃ መዝገብ አላችሁ? ተባለ። አደይን ጠየቅኳቸው።

«የለም» አሉ።

«ኖ» አልኩ።

ሲወጡ ኢንስፔክተሯ እጄን ጨበጠች። «ቢሰሙህ ኖሮ» አለችኝ። ይህን ብቻ ለአደይ አልተረጎምኩላቸውም።

ላይሰንሱ ተነጠቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ፍራሾቹን አጠፍን፤ ትንንሾቹን ወንበሮች ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። መስታወቱን ከግድግዳው ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። እኔን ሲሸኙኝ «አንተ ገና ነህ፤ መዝገብህ ይጽዳ» አሉኝ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። እውነትም ጸዳ። ሊትልተን አካባቢ አንድ ትልቅ የሕፃናት ማቆያ ሲቀጥረኝ ስሜን ፈትሸው ምንም አላገኙበትም። እዚያ ዕቃ ሁሉ በካታሎግ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ነገር ላዩ ላይ ተጽፎበታል። ስሜ በጥንቃቄዬ ይመሰገን ጀመር። ሲያመሰግኑኝ ሥራ ያለኝ መስዬ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ።

አደይ ቤታቸውን ለቀው ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ወንድ ልጃቸው ጋ ገቡ። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ገና ያልጸደቁ ቀጫጭን ዛፎች የተተከሉበት አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ስለሚመሳሰሉ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሌላ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። አደይ ከስተዋል። ሳሎን ውስጥ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በዚያ ወር የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው ነበር።

«ልጅቷስ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ደህና ናት ይላሉ። ሌላ ስቴት ሄደዋል።»

«ሆዷ?»

«ደህና ነው አሉ፣ አደይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሩን ይዤ ሄጄ ነበር። ገጹን አውጥቼ በእጅ ጽሑፌ የተጻፈውን ከፍታና ሰረዙን ላሳያቸው፣ ከዚያም ለሚመለከተው እወስደዋለሁ ልላቸው ነበር ሐሳቤ። መንገድ ላይ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼዋለሁ።

«ያን ቀን፣ አደይ፣ የተናገሩትን እኔ…»

«ተርጉመህልኛል» አሉ። «በደንብ ነው የተረጎምከው። አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት። ከዚያ ስለ በረዶውና ስለ መንገዱ ትንሽ አወራን። ምራታቸው ላይ ቤት ሆና የታጠበ ልብስ ስታጥፍ ይሰማናል። ከጓዳው አጠገብ ካለው ክፍል ሕፃኑ አለቀሰ። ደንገጥ ብዬ አደይን አየኋቸው፤ ስድስት ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያለቅስ ማን በምን እንዳለቀሰ በድምፁ የሚለዩ ሴት ናቸው።

አልተነሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያን ቀን እንደተቀመጡት ተቀመጡ።

«አይተዉልኝም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻዬን አላነሳውም። ምራቴ ያን የኢንስፔክተሯን ወረቀት አንብባዋለች።»

ልቅሶው እየበረታ ሄደ። እኔም ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ በግራ ኪሴ ያለውን ካርቶን ሳላውቀው ጨብጬው ኖሮ ተጨፍልቋል። ምራታቸው ደረጃውን እስክትወርድ ድረስ ሁለታችንም አዳመጥን።