አንዲት የእናቴ ቃል

ስልኩ ሲደወል ከሽመና ክፍሉ ወጥቼ ምሳዬን ልበላ ገና መቀመጤ ነበር። የደወለው መሀል ከተማ የግጥም ዝግጅት የሚያሰናዳ ወጣት ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን ግጥም ወዶት ቅዳሜ ከሰዓት መድረክ ላይ እንዳነብ ጋብዞኛል። አሁን የደወለው ግን ስለ አንዲት ቃል ነው። ግጥሙ ስለ እናቴ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሲመሽ በር ላይ ቆማ «ኮቱ» እያለች ትጠራኛለች። በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው።

«ቃሏን ብታወጫት ጥሩ ነው» አለኝ። «እኔ ችግር የለብኝም። ጊዜው እንዴት እንደሆነ ግን ታውቂያለሽ፤ ሰው ሌላ ነገር ያስብበታል።»

በትህትና ነው የተናገረው። ቢያመናጭቀኝ ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ ምሳዬንም ሳልጨርስ መግቢያ ሰዓት ደረሰ።

አቃቂ ነው የተወለድኩት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ እሠራለሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እናቴ የመጣችው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ስትቆጣን በአማርኛ፣ ስታባብለን በኦሮምኛ ነበር። ቤታችን ውስጥ የትኛው የማን ቋንቋ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ከውጭ ነው፤ ያውም ካደግኩ በኋላ።

በዚያው ሳምንት ቃሏን አውጥቼ «ነይ» ብዬ ሞከርኩት። ስንኙ ምንም አልሆነም። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አንድ ነገር መጉደሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። «ነይ» ሲባል ደግሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ የፎርማኑ ድምፅ ነው።

አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ ለምትሠራው ጓደኛዬ ነገርኳት። ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ስላደገች ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። ግጥሙን ስልኬ ላይ አነበበችና፣ «ይሄን ሁሉ በአማርኛ ጽፈሽ ለእኛ አንዲት ቃል ብቻ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። ቃሏን ባወጣም ባስገባም የሚከፋው ሰው አለ።

ቅዳሜ እናቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ መሰለኝ፤ የሚያወሩትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እኛ ማሽን ጩኸት ውስጥ ስለምንውል መጮህ ለምዶብናል። እናቴን እዚህ ተቀመጪ ስላት ስንቱ ዞሮ አየኝ።

ተራዬ ደርሶ መድረክ ላይ ስወጣ ማይክራፎኑ ጮኸ። አሰናጁ ራቅ በይ ብሎ በእጁ ጠቆመኝ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ማንበብ ጀመርኩ። ግጥሙ ውስጥ «ጸዳል» አለ፣ «ህላዌ» አለ፣ «አርምሞ» አለ። ፋብሪካም ሆነ ቤት እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ያስገባኋቸው የወዛደር ግጥም ነው እንዳይሉኝ ነው። ስለነሱ አሰናጁም ጓደኛዬም አንድ ነገር አላሉኝም።

ቃሏ ያለችበት ስንኝ ጋ እስክደርስ ምን እንደምል አልወሰንኩም ነበር። ቀና ስል እናቴ ቅዳሴ የምትሰማ ይመስል ጭምት ብላ ተቀምጣለች። «ኮቱ» አልኩ።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መድረኩ መጣች። እግሬ ሥር ደርሳ ቀና ብላ «ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌሎች ሳቁ፤ በማን እንደሳቁ አላወቅኩም። እጇን ይዤ የቀረውን አነበብኩ።

ስንወጣ አንድ ሰውዬ ኦሮሞ መሆኔን በፈገግታ ጠየቀኝ። የአቃቂ ልጅ ነኝ አልኩት። ሌላ እንድጨምርለት ቆሞ ጠበቀኝ። አሰናጁ ጥሩ ነበር አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልደወለም።

ሚኒባስ ውስጥ እናቴ የጠራኋት እንደመሰላት ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «ከዚያ በፊት ያልሽው ግን አልገባኝም። ለማን ነበር የምትናገሪው?» አለችኝ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለ አንዲት ቃል ስጨነቅ፣ እሷ ስለ ራሷ ከተጻፈው ግጥም የሰማችው ያችኑ ቃል ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ ግጥሙን እንደገና ያዝኩት። «ጸዳል»ን አወጣሁ፣ «ህላዌ»ን አወጣሁ። ሲራቆት ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ ይሄ ግጥም ነው ወይ ይሉኛል። ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ ስለ እሷ መሆኑን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«እጠራሽ የነበረው ፈርቼ ነው» አለች። «የባቡር ሐዲዱ ቅርብ ነበር። አንቺ ደስ ብሎኝ የምጠራሽ አስመሰልሽው።»

ግጥሙ ውስጥ ሐዲድ የለም፤ ፍርሃትም የለም። የት እንደሚገቡ ገና አላወቅኩም።