ከወዳጅ የተረፈ ጠመንጃ

ጠመንጃው ቤታችን የገባው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ የምንኖርበት የስቶክሆልም ሰፈር ሃግሴትራ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ በዋለበት አንድ ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ በአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ሕመምተኛ እንደሚያነሳ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ ከመኪናው አወጣው። ጎረቤት እንዳያይበት ብሎ አይደለም፤ የፖሊስ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሆኖም ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ላለማሰማት ይጠነቀቅ ነበር። በሩን ከፍቼ ስጠብቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

የጠመንጃው ጌታ በዚያው ዓመት በጋ ላይ የሞቱ ስዊድናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ የቱነልባና፣ ማለትም የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሹፌር ሆኖ ሲቀጠር ከጎኑ ተቀምጠው ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቋንቋው ሲቸግረው ሳይሰለቹ ደጋግመው እየነገሩ፣ ምሳቸውን እያካፈሉ፣ ቆይተውም ወደ ቤታቸው እየወሰዱ ወዳጅ አደረጉት። ጡረታ ከወጡ በኋላም አልተለያዩም። ባለቤቴ ልጅ እግር ሳለ ከትምህርት ቤት ተወስዶ ወታደር የሆነ፣ ከዚያም በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ነው። ስንጋባ ዳግመኛ ጠመንጃ በእጄ አልነካም ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኚህ ሰው ግን መጀመሪያ እንጉዳይ እንልቀም ብለው ጫካ ወሰዱት፤ ቀጥሎ ከአዳኝ ጓደኞቻቸው ጋር እሳት ዳር አስቀመጡት፤ በመጨረሻም የአደን ፈተናውን ተፈትኖ እንዲያልፍ አደረጉት። መግደሉን አልወደደውም። ጫካ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጡን ነው የወደደው፤ እኔም ለዚያ ስል ተውኩት።

ሽማግሌው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንድ ነገር አደራ አሉት። የአባታቸው የነበረውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እንዲወስድ፣ የጥንቸል አደን በሚጀመርበት ጠዋትም ጓደኞቻቸው በተሰበሰቡበት ሁለቱንም አፈሙዝ አንድ አንድ ጊዜ እንዲተኩስላቸው። መሰነባበቻዬ ይሁን አሉት። እሱም እሺ አለ። የሚሞት ሰው ሲለምን እንቢ ማለት እንዴት ይቻላል?

የዚያን ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ሳሎን ወለል ላይ ሲፈታው ጠመንጃውን ገና እንዳየሁት ደስ አላለኝም። ከሰደፉ አንጻር አፈሙዞቹ አጭር ናቸው፤ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል። ጫፋቸው በመጋዝ የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሞረድ ቢያልፍበትም ጠርዙ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የሽማግሌው አባት አንድ ክረምት ሲወድቁ አፈሙዙ ውስጥ በረዶ ገብቶ፣ ሳያዩ ተኩሰው ጫፉ እንደተቀደደ፣ የተቀደደውንም በቤታቸው መጋዝ እንደቆረጡት ነገረኝ። በኋላ ውስጡ ዝጎ ስለነበር እሱንም ፍቀውታል፤ ውጭውንም ሞርደው ቀለም ቀብተውታል።

"እስኪ ያዢው" አለኝ።

ያዝኩት። ከጠበቅሁት በላይ ቀለለኝ፤ አፈሙዙ ብረት ሳይሆን እንጨት መሰለኝ። ወዲያው መለስኩለት። እሱም ስዊድኖቹ ቫፐንስኮፕ የሚሉት የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ከራሱ ጠመንጃ ጎን አቁሞ ቆለፈበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ቁምሳጥኑ ይሄዳል።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳት ነኝ። በመጋዝ የተቆረጠ፣ ርችት የፈነዳበት፣ ማሽን የበላው እጅ አጥቤ ጠቅልያለሁ። ስለዚህ ፍርሃቴ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ለባለቤቴ ሰው ይየው አልኩት። አልተከራከረኝም። እሱም በልቡ ሳይጠረጥር አልቀረም መሰለኝ።

ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር አጠገብ ጠመንጃ የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። አብረን ሄድን። ሰውየው ጠመንጃውን ከፍቶ ወደ መብራቱ አዙሮ በአፈሙዞቹ ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። ከዚያ ረጅም ክንድ ያለው የውፍረት መለኪያ አስገብቶ ጥቂት በጥቂት እያንሸራተተ ይለካ ጀመር። ቀኙን ጨርሶ ግራውን ሲለካ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ቦታ ደግሞ ለካው። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ማጠሩ ብቻውን አይደለም የሚያስፈራው አለን። የሚያስፈራው ከውስጥም ተፍቆ ከውጭም ተሞርዶ የቀረው ብረት ማነሱ ነው። ቀኙ ቀጭን ነው፤ ግራው ግን ግራ እጅ ጨብጦ በሚይዝበት ቦታ ላይ ከጣሳ ቆርቆሮ ብዙም አይሻልም። ሥሩ ላይ ያለው የፍተሻ ማኅተም ጠመንጃው ሲሠራ ለነበረው ብረት የተመታ ነው እንጂ ለዛሬው አይደለም። የተሠራው ለድሮው ጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጥይት ደግሞ ከሚጎርስበት ቀዳዳ ይረዝማል፣ ጉልበቱም ይበልጥበታል።

ባለቤቴ፣ ወዳጄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲተኩሱበት ኖረው ምንም አልሆኑም አለው።

ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። "እስካሁን አልፈነዳም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው" አለ።

ደከም ያለ ጥይት ቢሆንስ ብሎ ሲጠይቀውም ለዚህ ጠመንጃ ምንም ዓይነት ጥይት አልሸጥልህም አለው። ግድግዳ ላይ ስቀለው ብሎ መከረው። እኔ ወደ በሩ ስሄድ፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ አላውቅም፣ አንድ ነገር ጨመረ። እሱ ራሱ መተኮሱ የግድ ቢሆንበት አሮጌ ጎማ ላይ አስሮ፣ ከወፍራም ዛፍ ኋላ ቆሞ በገመድ እንደሚስበው፣ ያን ጊዜም ቢሆን አንዱ አፈሙዝ መቻሉ ሌላውም ይችላል ማለት እንዳልሆነ ነገረን።

እቤት ስንመለስ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ከሽማግሌው የአደን ጓደኞች በዕድሜ የሚበልጡት ደወሉ። ባለቤቴ የተባለውን ሲነግራቸው በስልክ ሲስቁ ሰማኋቸው። ያ ጠመንጃ ሲተኮስ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሰሙት፣ ጠጋኞች ሁሉ አዲስ ለመሸጥ ሲሉ አሮጌውን እንደሚያጥላሉ፣ የሟቹ ቃል መጠበቅ እንዳለበት ነገሩት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን አይቼ እንደሚተኩስ አወቅሁ።

አልጮህኩበትም። እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ ጎማውም ይመጣል አልኩት። ለሟቹ የገባኸው ቃል ጠመንጃው እንዲተኮስ ነው፤ ትከሻህ ላይ ይሁን አላሉህም። ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ምድር ቤት ካለው ዕቃ ቤታችን አሮጌ የክረምት ጎማ አውጥቼ ራሴ መኪናው ውስጥ ጫንኩት።

የተባለው ጠዋት ደረሰ። የሽማግሌው ስቱጋ፣ ማለትም የበጋ ጎጇቸው፣ ከፋርስታ ሰፈር ወደ ደቡብ ስንነዳ ሐይቅ ዳር ካለ የጥድ ጫካ ውስጥ ነው። ጉም ውሃውን ሸፍኖታል። ሦስት ሽማግሎች ቆመው ይጠብቁናል፤ የሟቹ ሚስት ከቤት አልወጡም፤ ምሳ እየሠሩ ነው ተባለ። ጎማውን ሳወርድ ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በስልክ የሳቁት ትልቁ ሰው አሁን አልሳቁም፤ ቅር እንዳላቸው ግን ያስታውቃል። ሰው ሲሸኝ እንዲህ አይደረግም አሉ።

ባለቤቴ ጠመንጃውን ጎማው ላይ በገመድ ጠፍሮ አፈሙዙን ወደ አንድ የአፈር ቁልል አዞረው። አንድ ጥይት ቀኙ ውስጥ አጎረሰ፤ ረጅም ሲባጎ ቃታው ላይ አሰረ። ሁላችንም ከዛፎቹ ኋላ ሄድን። ሲባጎውን ሳበ።

ጥርት ያለ ተኩስ ነበር። ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ ተመለሰ። ሄደን ስናይ ጠመንጃው ምንም አልሆነም፤ አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። ሽማግሎቹ በአንድ ጊዜ ተፍታቱ። አንዱ የባለቤቴን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ትልቁ ሰው ጎንበስ ብለው አፈሙዙን ዳሰሱና፣ ይኸው፣ ምን አልኩህ፣ ሁለተኛውን እንግዲህ እንደ ወንድ በእጅህ ተኩስላቸው አሉት።

ባለቤቴ ቆሞ ጠመንጃውን ተመለከተ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳም፤ እፎይታና እፍረት ነበር። ጎማ ላይ ያሰርኩት ፈሪ ሆኜ ነው ብሎ ያሰበ መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ። ሁለተኛውን ጥይት ግራው ውስጥ አጎረሰ፣ ዘጋው፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ግራ እጁንም ከአፈሙዙ ሥር ዘረጋ።

እግሬ የእኔን ፈቃድ ሳይጠብቅ ወሰደኝ። ከጎኑ ደርሼ እጄን በእጁ ላይ ደረብኩ፤ ጠጋኙ ሁለት ጊዜ በለካው ቦታ ላይ አፈሙዙን ጨበጥኩ።

"በል ተኩስ" አልኩት በአማርኛ። "የእኔም እጅ እዚሁ ይሁን።"

"ልቀቂ" አለኝ።

"አልለቅም። አይፈነዳም ካልክ ተኩስ።"

ሽማግሎቹ የምንለው አልገባቸውም።  ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ ጠመንጃውን በቀስታ ዝቅ አደረገው፤ ጥይቱንም አወጣው። ተንበርክኮ መልሶ ጎማው ላይ ያስረው ጀመር። ትልቁ ሰው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

እንደገና አጎረሰው፤ ተመልሰን ከዛፎቹ ኋላ ሄድን። ሲባጎውን ሳበ።

የዚህኛው ድምፅ ተኩስ አይመስልም ነበር። ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ ከውስጡ የብረት ፉጨት ያለበት ነበር። አንድ ነገር በላያችን አልፎ ቅርንጫፍ መታ፤ ከዚያ የጥድ ቅጠል ብቻ ረገፈ።

ቀድሞ የወጣው ባለቤቴ ነው። ግራው አፈሙዝ መካከሉ ላይ ተከፍቶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከሥሩ የነበረው እንጨት የለም። ስብርባሪው ከጎማው ጎን መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ቦጭቆ ወስዷል። ባለቤቴ ቁልቁል ሲመለከት ቆየና ግራ እጁን ከጓንቱ አውጥቶ ጣቶቹን ዘረጋቸው፣ አጠፋቸው። ደግሞ ዘረጋቸው። ትልቁ ሰው እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ፤ ልናነሳቸው ስንሞክር ቆዩ፣ ትንሽ ቆዩ አሉን። በእጅህ ተኩስ ስላሉት ነገር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

ወደ ቤቱ ስንገባ የሟቹ ሚስት ሾርባ እየቀዱ ነበር። ሁለተኛውን ድምፅ ሰምተውታል። ባለቤቴ አጠር አድርጎ ነገራቸው፤ አንደኛው ፈነዳ፣ ማንም አልተጎዳም አላቸው። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትተው ዞሩ።

"ግራው ነው?" አሉት።

ግራው መሆኑን ሲነግራቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባላቸው ግራውን አጉርሰው እንደማያውቁ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ሁልጊዜ በቀኙ ብቻ ሲያድኑ እንደኖሩ ነገሩን። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ አባቴ በእሱ እንዳትተኩስ ብሎኛል አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። "የነገረህ መስሎኝ ነበር። እንዴት አይነግርህም?" አሉት፤ ጥያቄውን ለባለቤቴ ያቅርቡት ወይስ ለራሳቸው አልለየሁም።

ባለቤቴ ሾርባውን አልቀመሰም። ሽማግሎቹም አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ሁለቱንም ተኩስልኝ ያሉት ሰው ግራው እንደማይተኮስ ሲያውቁ ኖረዋል። ይህን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም።

ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምነዳው። አደራ ሲሉህ የሆስፒታሉ መድኃኒት አደንዝዟቸው ነበር፣ ረስተውት ይሆናል አልኩት። የማምነውም ይህንኑ ነበር። እሱ መስኮቱን እያየ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ሌላውን ሁሉ ያስታውሱ ነበር" አለ። "የመጀመሪያ ቀን ባቡር ውስጥ የለበስኩትን ሹራብ እንኳ ነግረውኛል።"

ቂም ይዘህባቸዋል ወይ አልኩት። አልያዝኩም አለ። 

የተሰበረውን ጠመንጃ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ እንዲቀልጥ አስረከበ። የሟቹን ሚስት መጠየቅ አላቋረጠም፤ እንጨት ይፈልጥላቸዋል፣ ጣሪያቸው ላይ የተቆለለውን በረዶ ይጠርግላቸዋል። የሽማግሌው መቃብር ዘንድ ግን ሂድ ብዬ ስለምነው ሌላ ጊዜ ይለኛል።

አደን ትቷል። ጫካውን አልተወም፤ አሁን ባዶ እጁን ይሄዳል፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ግንድ ላይ ተቀምጠን ከቴርሞስ ሻይ እንጠጣለን። አልፎ አልፎ ከሐይቁ ማዶ የማናውቀው ሰው ይተኩሳል። እሱ አይደነግጥም። ኩባያውን እንደያዘ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ሁለተኛውን ተኩስ ይጠብቃል።