መቆም የሚችል ትራክተር

ያገለገለ ትራክተር ልንገዛ ከልጄ ጋር ጭሮ ሄደን፣ ሻጩ ሞተሩን ሲያስነሳው የናፍጣው ሽታ ልጅነቴን አስታወሰኝ። ያኔ የምንኖረው ቦኬ ነበር። አባቴ ከሁለት አሮጌ ትራክተሮች አንዱን ሊመርጥ እናቴንና እኔን አስከትሎ ሄደ። ሻጩ አዲስ ቀለም የተቀባውን ቢያሞግስም፣ አባቴ የዛገው ላይ ወጣ።

“ጉልበት ሁሉም አለው፤ እኔ መቆም የሚችል ነው የምፈልገው” አለ።

አልገባኝም። የቆመ ትራክተር ምን ያርሳል?

አባቴ ትራክተሩን አስነስቶ ከፊታችን ያለውን ቁልቁለት ይዞት ወረደ። የእኛም ማሳ እንደዚያው ተዳፋት ነበር፤ እናቴ ፍሬኑ ባይይዝስ ብላ ፈርታ፣ “እመብርሃን!” ብላ እጄን ጨመቀችው። መሃል ላይ ፍሬኑን ሲረግጠው ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

አሁን ጭሮ ላይ መሪውን የያዘው ልጄ ነው። እዚህም ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ፍሬኑ ያዘ።

“እማ፣ ይሄ ይሁንልን?” አለኝ።

እፎይ ብዬ፣ “ይሁን፤ ውረድና ሻጩን እናናግረው” አልኩት።