በሹክሹክታ የሚያወራው ሣጥን

እናቴ ውሳኔዋን የተናገረችው የሳሎኑን መጋረጃ እያወረደች ነበር። «ከተናገረ አብሮኝ ይሄዳል፤ ካልተናገረ ለቆራሌው ስጡት» አለች። የምታወራው ስለ ሟቹ አባቴ ቴሌቪዥን ነው፤ ከላይ ቴሌቪዥን፣ ከታች ሬዲዮ የሆነ፣ አራት እግር ያለው የእንጨት ሣጥን። ከፒያሳው የግቢ ቤታችን ወጥታ ኮንዶሚኒየም የምትገባው እሑድ ነው። አዲሱ ሳሎን ደግሞ እንኳን የሞተ ቴሌቪዥን በሕይወት ያለ እንግዳም በቅጡ አያስቀምጥም።

ታናሽ ወንድሜ ቆራሌው በበራችን እስኪያልፍ መጠበቁ ራሱ ከብዶት ነበር። «እህቴ፣ ይሄ ሼባ ነው። በክብር ይሸኝ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን የስልክ መስመር ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ምሰሶ ላይ ወጥቼ፣ ዝናብ እየቀጠቀጠኝ፣ የማላውቀውን ሰው ድምፅ ከማላውቀው ሰው ጆሮ ሳገናኝ። የገዛ አባቴን ሬዲዮ ለቆራሌ ላስረክብ? «እሑድ ሳይደርስ ይናገራል!» አልኩ።

አባቴ ሣጥኑን የገዛው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ብታዞሩትም ከሹክሹክታ አያልፍም። ዜና ሲነበብ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን፣ ከታች በኩል ድምፅ የሚወጣበት ጨርቅ ላይ ጆሯችንን ልንለጥፍ ምንም አይቀረን። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን አይቼ ተመለስኩና «የእነሱ ቴሌቪዥን ቁጡ ነው፣ ይጮኻል» ብዬ ለቤተሰቡ ተናገርኩ። እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥበት ደግሞ ሣጥኑን በጥፊ ማለት የቤታችን ወግ ነበር፤ ማን በየት በኩል እንደሚመታ ሁሉ የታወቀ ነው።

ጀርባውን ስከፍተው የተከመረው አቧራ ድንች ቢዘራበት ያበቅል ነበር። ያረጁትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትናንሽ ዕቃዎች፣ አንድ በአንድ ነቅዬ በአዲስ ተካሁ፤ አይጥ የበላውን ሽቦ ቀየርኩ። አምፖል የሚመስሉትን የመስታወት ቱቦዎች ፍለጋ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ ስወጣ ጉልበቴ ሰደበኝ። የማታ ማታ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተገኙ። ባለሱቁ ሽማግሌ በጋዜጣ ጠቅልለው እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ ከበራልሽ ተመለሺና እኔንም ጠግኚኝ» አሉ። «ለእርስዎማ መለዋወጫ የለም አባባ» አልኳቸው። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ማዶ ሸኘኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰካሁት። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ ቀሉ፤ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ከዚያ የቴሌቪዥኑ መስታወት ነጣና ነጭ ብናኝ ሞላው። ብቻዬን እልል አልኩ። ለእሱ የሚሆን ሥርጭት ቢጠፋም ያ ብናኝ የሕይወት ምልክት ነው። ወደ ሬዲዮው ዞሬ ጣቢያ ፈለግሁ፤ ያዘልኝ። ሰውዬው ያወራል፤ ግን እንደ ልጅነቴ በሹክሹክታ።

የእናቴ ጆሮ ዛሬ ዛሬ ከብዷል። ወንበሯን አስጠግታ፣ እጇን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ቆየችና «ምንም አልሰማሁም» አለች።

«ያልተሰማ ነገር ንግግር አይባልም» አለ ወንድሜ፣ እንደ ዳኛ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት የእልኸኛ ሥራ ነው። የድምፁን ክፍል ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ፤ ደህናውን ዕቃ በሌላ ደህና ዕቃ ቀየርኩ። ሬዲዮው ንቅንቅ አላለም። እናቴ ደግሞ ከጀርባዬ አልለይ አለች።

«ሆዱን አይተሽዋል?»

«እማዬ፣ ሳየው የዋልኩት ሆዱን አይደል እንዴ!»

ትንሽ ቆየት ትልና፣ «እንደው ወደ ታች ወረድ ብለሽ፣ ሆዱን…»

«እማዬ፣ በእመብርሃን፣ ሥራዬን ልሥራበት!»

ቅዳሜ ቤቱ በካርቶን ተሞላ። ወንድሜ ገመድ ይዞ መጣና፣ «ቆራሌውን አናግሬዋለሁ፣ ነገ በጠዋት ይመጣል» አለኝ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ፤ ወንድሜን መምታት ስለማይሆን ሣጥኑን መታሁት። ላይኛውን ጎኑን በጥፊ ስለው እንደ ከበሮ ጮኸ። ታችኛውን፣ ስፒከሩ ያለበትን ስለው፣ ዱብ! ጤፍ የሞላ ጆንያ የመታሁ መሰለኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ደግሜ መታሁት። ዱብ። ስፒከር ያለበት ሣጥን ባዶ መሆን አለበት፤ ድምፅ ያለ ባዶ ቦታ አይተነፍስም።

ጎንበስ ብዬ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን ጣውላ አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ የፋብሪካ ሥራ ነው ብዬ ያለፍኩት ጣውላ ነው፤ ቀለሙ ከሌላው አይለይም። ግን ሣጥኑ በሙሉ በብሎን የታሰረ ሲሆን ይህ ጣውላ ብቻ በሚስማር ተመቷል፤ ሚስማሮቹም ሁሉ ጎባጣ ናቸው። አባቴ በዕድሜው ሚስማር ቀጥ አድርጎ መትቶ አያውቅም።

ፈነቀልኩት። ከአሮጌ ጋቢ የተሰፋ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ትራስ ስፒከሩን እቅፍ አድርጎ ተቀምጧል። ስፌቱን ከሺህ ስፌት መካከል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ነው።

ትራሱን ይዤ ዞርኩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። «እኔ አልነገርኳትም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ለቀረው ለአባቴ ፎቶ። «ራሷ ናት ያገኘችው።»

ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችን። በደርግ ጊዜ አባቴ የውጭ ጣቢያ ያዳምጥ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የቀበሌ ሰው ይኖራል። አንድ ቀን ወንድሜ፣ ያኔ ዳዴ የሚል ሕፃን፣ እኔም ገና ነፍስ ሳላውቅ፣ ቁልፉን ይዞ አዞረውና የውጭው ጣቢያ ግቢውን ሞላው። አባቴ ዘሎ አጠፋው። ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለቱም ሬዲዮውን ሊያጠፉ ይሯሯጡ ነበር። «እሱ ጣውላ መታ፣ እኔ ትራሱን ሰፋሁ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ‹ልጆቼን ይንሳኝ› ብዬ ማልኩ» አለች።

ደርግ ወደቀ፣ የቀበሌው ሰው ቤቱን ለቀቀ፣ አባቴም ፍርሃቱ ሳይለቀው ሞተ። መሐላዋን ግን ማን ያንሳላት? በእኔና በወንድሜ ነፍስ ነው የማለችው። ያን ሁሉ ጊዜ «ሆዱን፣ ሆዱን» ስትለኝ መሐላዋን ሳታፈርስ ጫፉን ልታስይዘኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እጮኽባት ነበር። አገላብጬ ሳምኳት።

ወንድሜ ገመዱን ጥሎ ራሱ ሰካው። ቱቦዎቹ እስኪግሉ ጠበቅን። ከዚያ የሠርግ ዘፈን ከነከበሮው ከሣጥኑ ፈነዳ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ካርቶኖቹ ሳይቀሩ ጮኹ። እናቴ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ መስኮቱን ልትዘጋ ሮጠች። መዝጊያውን እንደያዘች ቆመች። ከትከሻዋ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁ። ሁለቱንም መዝጊያዎች ወዲያና ወዲህ በረገደቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

«ጨምሪው!» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ቆራሌው ሲመጣ ወንድሜ ሣጥኑን ከጫኚው ጋር ይዞ ወደ መኪናው እያመራ ነበር። «ዞር በል ወንድሜ፣ ሼባው ቤት እየቀየረ ነው» አለው።

አሁን ሣጥኑ የኮንዶሚኒየሙን ሳሎን ግማሽ ይዟል። እንግዳ ሲመጣ እኛ አልጋ ላይ እንቀመጣለን። እናቴ ያን ትራስ ከጀርባዋ አድርጋ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ታዳምጣለች። በቀደም እኔ እዚያው ሳለሁ በር ተንኳኳ፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ነው፣ ጩኸቱ በዛ ሊል የመጣ። እናቴ ከትራሷ ቀና አላለችም፤ ቁልፉንም አልነካችውም።

«ግቡ፣ ክፍት ነው!» አለች።